ኖርበርት ከሰባተኛው ዙር በኋላ

ኖርበርት ዛሌቭስኪ የሚልዋኪን የቤዝቦል ቡድን ይወዳል ማለት ነገሩን ማቃለል ነው። በረዶው ከጣሪያ ላይ ገና ሳይወርድ የመጀመሪያው ጨዋታ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተጫዋቾቹን ከነትውልድ መንደራቸው ያውቃቸዋል፤ ሲሸነፉ እራት አይወርድለትም። ይህን ሁሉ ፍቅር የተሸከመ ሰው ግን ለማንም የማይገባ አንድ አመል ነበረበት። ጨዋታ እስከ መጨረሻው አያይም።

ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። በሰባተኛው ዙር መሃል ሕዝቡ እግሩን ሊያፍታታ ብድግ ብሎ የተለመደውን ዘፈን ይዘፍናል። ኖርበርትም አብሮ ይነሣል፣ ከማንም በላይ ጮኾ ይዘፍናል፣ ሌላው ሰው ሲቀመጥ ግን እሱ አይቀመጥም። ኮፍያውን ያስተካክልና «በሉ እንግዲህ፣ መንገዱ ሳይዘጋ» ይላል። በቃ። ቡድኑ ቢመራም፣ ቢበለጥም፣ እኩል ለእኩል ተናንቀው የሰው ሁሉ ትንፋሽ ቢቆምም፣ «መንገዱ ሳይዘጋ» ካለ አለ ነው። ከዓመት ዓመት እዚያው መደዳ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ከመልመዳቸው የተነሣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጉልበታቸውን ሰብስበው ማለፊያ ይሰጡታል። ከኋላቸው የሚቀመጠው ዱዌን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ «ሰዓቴን የምሞላው በርስዎ ነው፣ ሚስተር ዛሌቭስኪ» እያለ ያሾፍበታል።

ሚስቱ በርናዲን ግን ሳቁ ካለቀባት ቆይቷል። ቤዝቦል ለሷ የመጨረሻው ቅጠሉ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበር። ስንቱን ጨዋታ ከሜዳው ጀምራ ስንቱን በመኪና ሬዲዮ ጨረሰች! በተለይ አንዱ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ልጃቸው ኮሊን ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ቡድናቸው በስድስት ነጥብ ተበልጦ ነበርና ኖርበርት እንደ ልማዱ አስነሣቸው። መኪናው ከግቢው በር ሳይወጣ ከኋላቸው ምድር የሚያናውጥ ጩኸት ተነሣ። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ድምፁ ተዘግቶ ይንፈራፈራል። የኛ ልጆች በአንድ ምት አራት ሯጭ ወደ መነሻው ቤት አስገብተው፣ ስድስቱን መልሰው፣ ኋላም አሸነፉ። ኖርበርት መኪናውን ዳር አስያዘና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። በርናዲን «ይበልህ!» አለችው እንጂ አላዘነችለትም። ሳምንት ሙሉ ሾርባ ስታቀርብለት ቃል አላቀረበችለትም።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር መጣ። የኖርበርት ዓይን መሃል መሃሉን ይከዳው ጀመር። ጥግ ጥጉን ያያል፤ ፊት ለፊት ያለው ግን ጭስ ይሆንበታል። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። በመጪው ዓመት ጨዋታ ሲጀመር ሜዳውን ከሰማዩ መለየት ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ኖርበርት ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጣ «ምን ቸገረኝ፣ ሬዲዮ አለ» ብሎ ቀለደ። በርናዲን አልሳቀችም። መኪናው ውስጥ እስክትገባ ድረስ በልቧ ቆርጣ ነበር። ይህ ሰው ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ያያል። ወዶ ካልሆነ ተገዶ ያያል። እሷም ከጎኑ ቁጭ ብላ ታያለች፤ እሱ ያለበትን ዕዳ አልተወችለትማ።

ለዚህ ደግሞ የቀራቸው የወቅቱ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነበር።

ኖርበርት መንዳት ከተከለከለ ወዲህ የምትነዳው ኮሊን ናት። ከሜዳው ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሲደርሱ ክሊዮፈስ ቀድሟቸው ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ በቢራና በሽንኩርት የተቀቀለውን ቋሊማ እየደረደረ ነበር። ክሊዮፈስና ኖርበርት ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ያረጁ፣ አንዱ የሌላውን ሚስት ዘመድ ሁሉ የቀበሩ ወዳጆች ናቸው። የክሊዮፈስ ሚስት ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ወንበሩ ከነሱ ወንበር ተለይቶ አያውቅም።

«ክሊዮፈስ፣ ምን እያደረግህ ነው? ከሰል ሆነ እኮ ቋሊማው!» አለ ኖርበርት ገና ከመኪና ሳይወርድ።

«አንተ በየትኛው ዓይንህ አየኸው?»

«በአፍንጫዬ ነዋ!»

«እንግዲያው በአፍንጫህ ብላው» አለና ክሊዮፈስ የመጀመሪያውን ቋሊማ ዳቦ ውስጥ ከቶ፣ ሰናፍጩን አብዝቶ፣ እጁ ላይ አስያዘው። ሳይፈስበት እስኪጎርስ ድረስም ክርኑን ደግፎ ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደ ከሰሉ ዞረ።

በርናዲን ይህን አይታ ፊቷን አዞረች። ለመርሳት ጎመኑን ማማሰል ያዘች። ኮሊን ጠጋ አለቻት።

«እማዬ፣ ተነሡ ካለስ?»

«ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ አይደል እንዴ?»

«እና በእግሩ ቢሄድስ? አባዬን የማታውቂው መሰልሽ።»

«ይሂዳ! ሐይቁ ድረስ ይሂድ። እኔ ዛሬ ከወንበሬ የምነሣው ሣር የሚያጠጡት ልጆች ሲመጡ ነው። ዕድሜ ልኬን እንደ ሕፃን ልጅ ‹የመኝታ ሰዓትሽ ደርሷል› እየተባልሁ ስጎተት ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ክሊዮፈስ ሰምቷታል። መቆንጠጫውን እንደያዘ ቀና አለና አያት። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቋሊማ ገለበጠ።

ጨዋታው ሲጀመር ፀሐዩ ለስላሳ ነበር። ኖርበርት ወርዋሪውን ለማየት ፊቱን ወደ ግራ አጥር ያዞራል፤ መቺውን ለማየት ወደ ቀኝ። ከሩቅ ያየው ሰው ከጨዋታው ይልቅ ወፍ የሚያይ ይመስለዋል። ኳሷን ራሷን ማየት ካቆመ ሰንብቷል። ዱላው ኳሷን ሲያገኛት የሚሰማውን ድምፅ ይዞ «ይቺ ሩቅ ናት» ወይም «ይቺ እንኳ መሬት መሬቱን ናት» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። የኛ ልጆች ሦስት አገቡ፣ እንግዶቹ አራት። ዱዌን ከኋላ ሆኖ ዳኛውን እስከ ሰባት ትውልዱ ይረግማል። ኮሊን ኦቾሎኒ እየፈለፈለች የአባቷ መዳፍ ላይ ታኖራለች።

ሰባተኛው ዙር መሃል ደረሰና ሕዝቡ ብድግ አለ። ኖርበርት ዘፈነ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይን ሲከዳ ጉሮሮ አብሮ አይከዳም። በርናዲንም ዘፈነች፤ ዓይኗን ግን ከኮፍያው ላይ አልነቀለችም። ዘፈኑ አለቀ፣ ሰው ተቀመጠ። መደዳው ጉልበቱን ሰበሰበ። ኖርበርት ኮፍያውን አስተካከለ።

«በሉ እንግዲህ፣ መንገዱ ሳይዘጋ።»

በርናዲን ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«በርኒ?»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም አልሁህ። ሰማህ አይደል? ጆሮህ እንኳ ደህና ነው።»

ኮሊን ወደ ኦቾሎኒው አቀረቀረች። ዱዌን እርግማኑን አቋረጠ። ኖርበርት ቆሞ ቀረ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም።

«መኪናው እኮ…» አለ።

«መኪናው ይቃጠል! ያን ጊዜ ስድስት መልሰው ያሸነፉበትን ጨዋታ ያስመለጥኸኝ በመኪና ነው። የኮሊን አክስት ከቺካጎ መጥታ እንግዳ ይዘን እንኳ አልተቀመጥህም። ሰው ሁሉ እየሳቀብን አንድም ቀን ‹በርናዲን ምን ትፈልጋለች?› ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አታውቅም! አንተ የምትወደው ጨዋታውንም አይደለም፣ እኔንም አይደለም፤ ባዶ መንገድ ነው የምትወደው!»

አነጋገሯ ለራሷም ከበዳት፤ ግን አንዴ ወጥቷል። የኖርበርት እጅ የፊት ወንበሩን ጀርባ ፈልጎ ያዘ።

በዚህ መሃል ክሊዮፈስ የቢራ ጣሳውን መሬት ላይ አኖረና «ኖርብ፣ ትነግራታለህ ወይስ ልንገራት?» አለ።

«አንተ ዝም በል።»

«ዝም ስል ነው እዚህ የደረስነው።» ወደ በርናዲን ዞረ። «እህቴ፣ ዳቦ ቤት በነበርሽ ጊዜ ሥራ የምትገቢው በስንት ሰዓት ነበር?»

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ምን አገናኘው?»

«መቼ ትተኚ ነበር?»

«ጊዜ ሳገኝ። ገና ሳይጨልም ካልተኛሁማ…» አለችና ቀጥ አለች።

«እስከ መጨረሻው ቢቀመጥ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ቢያመሽ፣ አንቺ መቼ ልትተኚ ነበር? ይሄ ሰውዬ ብረት ማቅለጫው ውስጥ አስምሎኛል። ‹አይኗ ደም ለብሶ ሊጥ ላይ ቆማ ስታንቀላፋ ክንዷን ማሽን ይበላዋል› ይለኝ ነበር። ያን ስድስት የመለሱበትን ጨዋታ እንዳየሁት በማግስቱ አንድ በአንድ የነገርሁት እኔ ነኝ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ እኮ፣ በርናዲን። ለጨዋታው። ከዚያ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ያው በሰባተኛው ተነሣ።»

በርናዲን አፏን ያዘች። ሁሉም ነገር ድሮ ከነበረበት ቦታ እየተነሣ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። መኪና ውስጥ ገና መንገድ ሳይጀምሩ ይወስዳት የነበረው እንቅልፍ ትዝ አላት። ቤት ሲደርሱ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ኮሊን ጎረቤት ተልካ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ታገኘው የነበረው ትዝ አላት። ያን ሁሉ እሷ ዕድል ነው ብላ ኖራለች።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?» ኖርበርት አሁንም ቆሟል። «‹በኔ ምክንያት ከምትነሣ እኔ ቤቴ ልቅር› ትይኝ ነበር። አውቅሻለሁ። አንቺ ቤት ከቀረሽ ደግሞ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሰባት ዙር ካንቺ ጋ ይሻለኛል አልሁ።»

«ታዲያ ሥራ ስለቅስ? ጡረታ ከወጣሁ በኋላስ ለምን…»

«ምን ብዬ ልቀመጥ? ያኔ ድንገት ብቀመጥ ‹ዛሬ ምን ነካህ?› ትይና ነገሩ ሁሉ ይወጣል። አፈርሁ። ደግሞም…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ፣ «መንገዱ የምር ይዘጋል።»

ዱዌን ከኋላ ሆኖ መሳቅ ጀመረና ራሱን በኮፍያው ሸፈነ። በርናዲን ግን እያለቀሰች ነበር፤ አልደበቀችውም። ያ ሁሉ ኩርፊያ፣ ያ ሁሉ ሾርባ! እሷ የተነጠቀችውን ስትቆጥር እሱ የሰጣትን ሳይቆጥር ነው የኖረው። የተናገረችው ክፉ ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰባት፤ ከዚያ ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር፣ ሞቅ ያለ ነገር ተነሣና ወጣባት። ይህን ያህል ዘመን፣ በየእሑዱ፣ ሰው እየሳቀበት፣ አንድ ሰው ስለ እንቅልፏ ሲያስብ ኖሯል። እንዲህ ተወድዳ ሳታውቀው ማርጀቷ አሳቃት።

«ተቀመጥ» አለችው።

«በርኒ፣ አሁን ብቀመጥስ ምን አያለሁ? ኳሷን አላያት…»

«ጥግ ጥጉን አንተ እይ፤ መሃሉን እኔ እነግርሃለሁ።» እጅጌውን ይዛ ሳበችው። የዳቦ ጋጋሪ ክንድ ጡረታ አይወጣም፤ ኖርበርት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። መደዳው ሁሉ አጨበጨበ። ሜዳው ላይ ያለው ወርዋሪ ለሱ የተጨበጨበ መስሎት ይሆናል።

በስምንተኛው ዙር ኖርበርት እንደ እንግዳ ነበር። መብራቱ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ጥላው መቺውን አልፎ ወርዋሪው ጋ እንደሚደርስ፣ በዚህ ሰዓት ኦቾሎኒ ሻጮቹ ድምፃቸውን ቀንሰው እንደሚያልፉ ሁሉ አዲስ ሆነበት። «እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል በየመሃሉ። በርናዲንም አታውቅምና «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ትለዋለች። እጁን አልለቀቀችውም።

ዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ነገሩ ተካረረ። አሁንም አራት ለሦስት ተበልጠዋል፤ የኛ ሁለት ሰው አውት ተብሎ ተቃጥሏል፣ ሦስተኛው ከተቃጠለ ጨዋታው ያበቃል፤ አንድ ሯጭ ግን ሁለተኛው ቤዝ ላይ፣ ከቤት ሁለት ማረፊያ ርቆ፣ ቆሟል። እሱ ቤት ከገባ እኩል ናቸው። በርናዲን መንገሯን ቀጠለች።

«ወርዋሪው ኮፍያውን ነካ… አሁን መቺውን ያየዋል… ወረወረ… መቺው አላገኛትም። ደግሞ ሊወረውር ነው። አሁን… አሁን…»

ዱላው ጮኸ። ኖርበርት «ቀኝ ሜዳ! መሬት መሬቱን!» ብሎ ዘለለ። በርናዲንም ዘለለች፤ ግን የመጨረሻ ዙር አይታ የማታውቅ ሴት ምን ታድርግ፣ መንገሩን ጨርሳ ረሳችው። «ሩጥ! ሩጥ! ሩጥልኝ የኔ ልጅ!» እያለች በቦርሳዋ አየሩን ትደበድባለች።

«ምን ሆነ? አንቺ ሴትዮ፣ ንገሪኝ እንጂ!»

«ሯጩ ሦስተኛውን አለፈ!» አለ ክሊዮፈስ በግራ ጆሮው።

«የቀኝ ሜዳው ልጅ ኳሷን አንሥቶ ወረወረ፣ ሚስተር ዛሌቭስኪ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የወረወራት!» አለ ዱዌን ከኋላ።

«ተንሸራተተ አባዬ፣ በሆዱ!» አለች ኮሊን።

መደዳው በሙሉ እየጮኸ ይነግረው ነበር። ኖርበርት ግን ፊቱን ወደ ቀኝ አጥር አዙሮ፣ በግራ ዓይኑ ጥግ፣ አቧራ ሲነሣና ሁለት ሰው አቧራው ውስጥ ሲገናኙ በገዛ ዓይኑ አየ። ከዚያ ጥቁር የለበሰው ዳኛ ክንዱ ወደ ላይ ሲወጣ አየ።

«አውት» አለ ኖርበርት፣ ማንም ሳይነግረው።

«አውት» አለች በርናዲን።

«ለጥቂት ነው?»

«በጥፍር ታህል።»

ሕዝቡ እያጉረመረመ መነሣት ጀመረ። ኖርበርት ግን ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ልጆቹ ሲጨባበጡ፣ ሣር የሚያጠጡት ሰዎች ቧንቧ እየጎተቱ ሲገቡ፣ ሰው በየደረጃው ሲንጠባጠብ ጥግ ጥጉን እያየ ቆየ። ፊቱ ላይ የተሸናፊ ፊት አልነበረም። ዱዌን ሲያልፍ ትከሻውን መታ አድርጎ «አሁን ሰዓቴን በምን ልሞላ ነው?» አለው።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ኖርበርት ዕድሜውን ሙሉ እንደተናገረው ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው አጥር መኪና በመኪና ላይ ተደርቧል። ክሊዮፈስ ከጎናቸው ባለው መደዳ ላይ መኪናው ውስጥ ተገትሮ መስኮቱን አወረደና «ኖርብ! ይቅር በለን፣ እውነትህን ነው!» ብሎ ጮኸ። ኖርበርት በሳቅ ፈነዳ። በርናዲን ከኋላ ወንበር ከጎኑ ተቀምጣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ፀሐዩ በመስኮቱ ይገባል። ዓይኗን ጨፈነች።

ጥቂት ቆይቶ የፊት መኪናዎች ፈቀቅ አሉና ኮሊን ጥሩንባ ለመንፋት እጇን አነሣች።

«እንዳትነፊ» አለ ኖርበርት በሹክሹክታ። «ሬዲዮውንም ቀንሺው። እናትሽ ተኝታለች።»

በርናዲን ያን ሹክሹክታ ታውቀው ነበር። እነዚያ ዓመታት ሁሉ በእንቅልፏ መሃል ሰምታው ኖራለች፤ ለካ የሕልም ድምፅ አልነበረም። ዓይኗን ሳትገልጥ እጁን ፈልጋ ያዘች።

«ኖርብ» አለች፣ «አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ?» አለ ኖርበርት ደንግጦ። «ተሸነፍን እኮ!»